ወደ 80 ዓመት እየወረደ ላለ ሊዝ «ጠብቁ» የሚል ምክር አይሰጥም
ስለ አፓርታማ ሊዝ፣ ማለትም ቤቱን ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ስለሚያስይዘው ውል፣ የወጣው ጽሑፍ «አዲሱ ሕግ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ እስኪውል ሊዛችሁን አታራዝሙ» ማለቱ አንዳንዱን ሰው ለከባድ ወጪ ስለሚዳርግ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በእንግሊዝና በዌልስ ቀሪ ዘመኑ ከ80 ዓመት በታች የወረደ ሊዝ ሲራዘም፣ በመራዘሙ ምክንያት ቤቱ ከሚያገኘው ተጨማሪ ዋጋ ግማሹ «ሜሬጅ ቫልዩ» ተብሎ ለመሬቱ ባለቤት ይከፈላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 የወጣው ሕግ ይህን ክፍያ የሚያስቀርና ማራዘሚያውንም ከ90 ወደ 990 ዓመት የሚያሳድግ ቢሆንም፣ አንቀጾቹ ሥራ ላይ ሳይውሉ ቆይተዋል፣ የሊዙ ዕድሜ ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። ለንደን የሚገኘው አፓርታማዬ ቀድሞ የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ቤት ነበር፤ ውሉን ከመሳቢያ አውጥቼ ሳየው «ከ1981 ጀምሮ 125 ዓመት» ይላል፣ በ2025 የቀረኝ 81 ዓመት ብቻ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ገማች ቀጥሬ፣ ሊዝ የማራዘም መብት በሚሰጠው የ1993ቱ ሕግ አንቀጽ 42 መሠረት የማራዘሚያ ጥያቄዬን ማስታወቂያ በጠበቃ በኩል ለመሬቱ ባለቤት ሰጠሁ፤ ዋጋው የሚሰላው ማስታወቂያው በተሰጠበት ቀን ባለው ቀሪ ዘመን ስለሆነ፣ ድርድሩ ቢጓተት እንኳ ከ80 በታች እንደወረደ አይቆጠርብኝም። ማራዘሚያ ለመጠየቅ ቤት ገዝቶ ሁለት ዓመት የመጠበቅ ግዴታም ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ከላይ በአስተያየትዎ «ባለቤቱ በርካሽ ላራዝምልህ የሚል ደብዳቤ ላከልኝ» ያሉት ወንድሜ፣ የመሬት ኪራዩን (ለመሬቱ ባለቤት በየጊዜው የሚከፈለውን) አንቀጽ በጠበቃ ሳያስመረምሩ እባክዎ አይፈርሙ፤ በሕጉ መንገድ ሲራዘም ኪራዩ ሙሉ በሙሉ ይቀራል፣ በግል ስምምነት ግን እስከ ቀድሞው ውል ማብቂያ ድረስ ሊቀጥል ይችላል፣ ባለቤቱም ፊርማ እስካልተቀመጠ ድረስ ሐሳቡን መቀየር ይችላል።