እርማት፦ ሃደናምን የፈጠራት ባቡር ጣቢያ አይደለም

«ሃደናም እ.ኤ.አ. በ1987 ጣቢያ ሲከፈትላት የበቀለች፣ የለንደን ሠራተኞች ማደሪያ መንደር ናት» የሚለው ወሬ በብዛት ይደጋገማል፤ ስህተት ነው። የዚህች በእንግሊዝ የባኪንግሃምሺር አውራጃ የምትገኝ መንደር የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው። ባቡርም ቢሆን በ1906 ገብቶላት ነበር። ያ ጣቢያ በ1963 ተዘጋ፤ የ1987ቱ ሌላ ቦታ ላይ የተሠራ አዲስ ነው። እርግጥ ለንደን፣ ሜሪልቦን ጣቢያ ድረስ በቀጥታ የሚያደርስ ባቡር መኖሩ ቤት ፈላጊውን አብዝቶታል፤ ይህን የሚክድ የለም።

መልኳን የሰጣት ግን ዊቸርት የሚባለው ነጣ ያለ ኖራማ ጭቃ ነው። ግድግዳ ሲሠራ ከጭድ ጋር ይቦካና በድንጋይ መሠረት ላይ እርከን በእርከን ይከመራል፤ የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛው አይጫንም። አናቱ ዝናብ እንዳይገባው ክዳን ይፈልጋል፤ የግቢ አጥሮች ሳይቀሩ የጣሪያ ሸክላ የደፉት ለዚህ ነው።

አዲስ ቤት ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ግድግዳውን በሲሚንቶ ይለስኑታል። ሲሚንቶው ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም፤ ጭቃው ከግርጌው ይርስና ግድግዳው ይናዳል። የሚስማማው እርጥበት የሚያስወጣ የኖራ ልስን ነው።