«ልምድ ይዛችሁ ሂዱ» የሚሉ ሰዎች በር እየዘጉ ነው

በቅርቡ ሜሪላንድ ውስጥ ለአዲስ ነርሶች በተዘጋጀ የምረቃ ግብዣ ላይ አንድ የተከበሩ የማኅበረሰባችን ሰው ተመራቂዎቹን መከሩ። ሌላ ግዛት ሄዶ ሥራ መጀመር ለጀማሪ አደጋ ነው፤ ፈቃዳችሁ እዚያ አይሠራም፤ የሚያውቃችሁ ሰው የለም፤ እዚሁ ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ልምድ ይዛችሁ ሂዱ አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ምክሩ አሁን በየቤቱ እየተደገመ ነው። ነርስ ነኝና ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

የፈቃዱ ነገር ውኃ አይቋጥርም። ለነርስነት ፈቃድ የሚወሰደው ኤንክሌክስ በሁሉም ግዛቶች አንድ ፈተና ነው፤ ባልቲሞር ያለፈች ልጅ ሂውስተን እንደገና አትፈተንም። ሜሪላንድ ግዛቶች አንዳቸው የሌላውን የነርስ ፈቃድ በሚቀበሉበት ስምምነት ውስጥ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ቨርጂኒያም አለችበት፤ ዛሬ 40 ያህል ግዛቶች ገብተውበታል። በስምምነቱ ግዛቶች ሁሉ የሚሠራ የብዙ ግዛት ፈቃድ ያላት ነርስ ቴክሳስ እንደደረሰች መሥራት ትችላለች፤ የሚጠበቅባት ኑሮዋን ባዛወረች በ60 ቀን ውስጥ ለአዲሱ ግዛት የነርሶች ቦርድ ማመልከት ነው። ካሊፎርኒያ ከስምምነቱ ውጭ ስለሆነች ወደዚያ የምትሄድ ወረቀቷን ቀደም ብላ ትጀምር። ይህን ሳያጣሩ በወጣቶች ፊት ቆሞ «አይሠራም» ማለት ኃላፊነት የጎደለው ንግግር ነው። የሚያውቃችሁ ሰው የለም የተባለውስ? ዳላስ፣ አትላንታ፣ ዴንቨርና ሲያትል አራቱም በስምምነቱ ግዛቶች ውስጥ ናቸው፤ በአራቱም የእኛ ሰው ሞልቷል።

የከፋው ግን «ሁለት ዓመት ልምድ» የሚለው ነው። ልምዱ የት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቹ ልጆቻችን የሚማሩት አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ በረዳትነት እየሠሩ ነው። ሲመረቁ ያው ቤት ደመወዝ ጨምሮ በነርስነት ያስቀራቸዋል። ከጥቂት ቀን ማለማመድ በኋላ ልጅቷ በሌሊት ፈረቃ ሃያና ሠላሳ አረጋውያን ይሰጧታል። የመድኃኒት ጋሪዋን እየገፋች ከክፍል ክፍል ትዞራለች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የአንድ አዛውንት ትንፋሽ ይፈጥናል፣ የደም ግፊታቸው ይወርዳል፣ ስማቸውን ስትጠራ ግራ ተጋብተው ያዩዋታል። ሐኪሙ ያለው በስልክ ነው። ኢንፌክሽን ወደ ደም ሲዘልቅ ምን እንደሚመስል በመጽሐፍ አንብባለች፤ አጠገቧ ቆሞ «ይኸውልሽ፣ ይህ ነው» ያላት ሰው ግን የለም። ስህተት ቢፈጠር የሚጠየቀው የእሷ ፈቃድ ነው። አደጋ የሚባለው ይህ ነው፤ ዳላስ መሄድ አይደለም።

ሆስፒታሎች ለአዲስ ተመራቂዎች የሚሰጡት ሬዚደንሲ የሚባል የሥራ ላይ ሥልጠና ለዚህ የቆመ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይፈጃል። ጀማሪዋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአንዲት የበሰለች ነርስ ጋር ትመደባለች፤ በአንድ ወይም በሁለት በሽተኛ ትጀምርና እየቻለች ስትሄድ ይጨመርላታል። ወደ ሐኪም መቼ እንደሚደወል፣ ምን ተብሎ እንደሚነገር፣ የቱ ምልክት እስከ ንጋት እንደማይጠብቅ በሥራ ላይ ትማራለች። እናም ይህ በር በአብዛኛው የሚከፈተው ልምድ ለሌላት ወይም ከአንድ ዓመት በታች ለሠራች ነርስ ብቻ ነው! ሁለት ዓመት ነርሲንግ ሆም ሠርታ ስትመጣ አዲስ ተመራቂ አይደለሽም ትባላለች። ልምድ አለኝ ስትል ደግሞ ብዙ ሆስፒታሎች የነርሲንግ ሆምን ልምድ እንደ ሆስፒታል ልምድ አይቆጥሩላትም። ከሁለት ያጣ ጎመን ትሆናለች። እንዲህ ቀርተው ዓመታት ያለፉባቸውን ጎበዝ ነርሶች አውቃለሁ፤ አንዳቸውም ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም የቀሩት። የዚህ አካባቢ ሆስፒታሎች ሬዚደንሲ አላቸው፤ ማመልከትም ይገባል። ነገር ግን የሚወዳደረው ብዙ ነው። ቦታ ያልደረሳትን ልጅ፣ ሌላ ከተማ አሠልጥኖ የሚቀጥራት ሆስፒታል እያለ፣ እዚሁ ቅሪ ማለት ሙያዋን ገና በእንጭጩ መቅጨት ነው።

ሕፃን ልጇን እናቷ የሚጠብቁላት ነርስ ሒሳቧ ሌላ ነው፤ ያንን አልክድም። የፊርማ ጉርሻ የሚሰጥ ቀጣሪም ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚያስር ውል አለው፤ ቀድማ ከወጣች ገንዘቡን ትመልሳለች። ስለዚህ ውሉ ሳይነበብ አይፈረም። ከዚህ ያለፈው ማስፈራሪያ ግን የሚጠቅመው ርካሽና ታዛዥ ጉልበት እንዳይሄድባቸው የሚፈልጉ ቀጣሪዎችን ነው፤ አንዳንዶቹም የእኛው ሰዎች ናቸው።

የሬዚደንሲ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ከምረቃው ወራት ቀድሞ ነው። በዲሴምበር የምትመረቁ ልጆች የዚህን አካባቢና የሌላውን ግዛት ማመልከቻ ጎን ለጎን አሁኑኑ አስገቡ። ወላጆችም «ሁለት ዓመት ቆዪ» ከማለታችሁ በፊት የሆስፒታሉን ማስታወቂያ ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ አንብቡ፤ ስንት ወር የሠራች ነርስ እንደማይቀበል እዚያው ታገኙታላችሁ።