ማንንም ሳላስቸግር

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የሰባ አራት ዓመት እናቴን ይዤ ከማያሚ ወደብ በሚነሣ የመዝናኛ መርከብ የሰባት ቀን ጉዞ አድርጌ ነበር። ወሩን የመረጥኩት አስቤበት ነው፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅትም በይፋ የሚገባው በፈረንጆቹ ጁን 1 ነው። ዘንድሮ ደግሞ እኔ ወደ እርሷ መጥቼ አራት ኪሎ ባለው ቤታችን ከተቀመጥኩ አንድ ወር አለፈኝ። ሁለቱን ጊዜያት ጎን ለጎን ባየኋቸው ቁጥር እናቴ መርከቡ ላይ የተናገረችው አንድ ቃል ይመላለስብኛል።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ስነቃ አልጋዋ ባዶ ነበር። ደንግጬ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ወጣሁ። ያገኘኋት በላይኛው ወለል፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷን ፀሐይ ወደምትወጣበት አዙራ ጸሎቷን ስታደርስ ነው። ባሕር ካየች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በወጣትነቷ ምጽዋ ላይ ነው። «ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» ብላት፣ «ማንንም ሳላስቸግር መጣሁ እኮ ልጄ፤ ያንን እንጨት ይዤ» አለችኝ። እንጨት ያለችው ከክፍላችን በር አንሥቶ እስከ ሊፍቱ ድረስ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የተዘረጋውን መደገፊያ ነው። ስንመለስ እጇን ተመለከትኩ። አጥብቃ አትይዘውም፤ መዳፏን ጣል አድርጋ፣ ጨርቅ እንደሚዳስስ ሰው እያንሸራተተች ነው የምትሄደው። ጉልበቷን ካመማት ጀምሮ ብቻዋን ወጥታ የምታውቅ ሴት አልነበረችም።

ይህ ሁሉ ከመርከብ ኩባንያዎች ደግነት ብቻ የመጣ አይደለም። አሜሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. ለአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ አወጣች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2005 እ.ኤ.አ. የሌላ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ የመንገደኛ መርከቦች በአሜሪካ የባሕር ክልል ውስጥ እስካሉ ድረስ ሕጉ በመሠረቱ እንደሚመለከታቸው ወሰነ። በመደበኛው ክፍል የመታጠቢያ ቤቱ መግቢያ አዛውንትን የሚያደናቅፍ ከፍታ ይኖረዋል፤ ለአካል ጉዳተኛ በተዘጋጀው ክፍል ግን በሩ ሰፊ፣ ወለሉም ደልዳላ ስለሆነ ቲኬት ስቆርጥ ያንን ጠየቅሁ። ከመነሣታችን በፊት በተደረገው የአደጋ ጊዜ ልምምድ ላይ አንዲት ሠራተኛ እናቴን በትሕትና ጠርታ፣ በአደጋ ጊዜ ሊፍት ስለማይሠራ ደረጃ ላይ እርዳታ ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቃ መዘገበቻት። ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው አስቀድሞ ከዕቅዱ ውስጥ ሲገባ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መርከቡ ግን የማይሰጣት ነገርም ነበር። ግራንድ ኬይማን ስንደርስ ትልቁ መርከብ ከምድር ስለማይጠጋ መንገደኛው በትናንሽ ጀልባ እየተጫነ ይወጣል፤ እናቴ ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያነሣ ሲጥላት አይታ «አንተ ሂድ» አለችኝ፣ እኔም አልሄድኩም። ክፍላችንን የሚያሰናዳው የፊሊፒንስ ወጣት ከመምጣቱ በፊት በየጠዋቱ አልጋዋን ራሷ ታነጥፍ ነበር፤ የሰው ልጅ ከአገሩ ለወራት ርቆ የእርሷን አንሶላ ሲያጥፍ ማየት ከበዳት። ሲሰናበታት በአማርኛ መረቀችው። በሰባት ቀን ውስጥ ጎኗ ተቀምጦ «እንዴት አደሩ» ያላት ሰው አልነበረም፤ ቡናውም ከማሽን የሚቀዳ ነበርና አንድም ቀን አልጣማትም።

አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ ተገልብጦ ይጠብቃታል። ከበራችን ወጥታ አሥር እርምጃ ሳትሄድ ሦስት ሰው ያስቆማታል፤ ታክሲ ውስጥ ቦታ ይለቀቅላታል፤ «እማማ፣ ልያዝልዎት» የሚል ወጣት አይጠፋም። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የእግረኛው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ሰፍቶ፣ መቀመጫም ተተክሎለት ሳየው ከልቤ ደስ ብሎኛል። ችግሩ የሚጀምረው መንገዱ አልቆ የሕንፃው በር ላይ ሲደርሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ፊርማ ከሄድንበት መሥሪያ ቤት ጉዳያችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍቱ ቆሟል፣ በደረጃው በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ለመያዝ የማይመች ሰፊ ግንብ ብቻ ነው ያለው። ሁለት የማናውቃቸው ልጆች ግራና ቀኝ ደግፈው አወጧት፤ አመሰገንናቸው፣ ይገባቸዋልም። እናቴ ግን እየወጣች ሳለ በየደረጃው «ይቅርታ ልጆቼ፣ አስቸገርኳችሁ» ትል ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህም የቀረ ጉዳይ እንዳለ እያወቀች «ይቆይ ግዴለም» ትላለች።

እኛ አዛውንቶቻችንን እናከብራለን የምንለው እውነት ነው፤ እኔ በኖርኩበት አገር ለማያውቁት ሽማግሌ እንዲህ ተሯሩጦ የሚደግፍ ሰው በቀላሉ አይገኝም። አክብሮታችን ግን ከአፋችንና ከክንዳችን አልፎ ወደ ደረጃችን አልደረሰም። የሰው ክንድ ደግሞ የሚለመን ነገር ነው፤ መለመን የማይወድ አዛውንት ቤቱ መቀመጥን ይመርጣል፣ እኛም «ደክሟቸዋል» ብለን እናልፋለን። ሕግ የለንም እንዳልል፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መተላለፊያ እንዲኖራቸው የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደንግጎ ነበር። ስለዚህ የጎደለው አዋጅ አይመስለኝም፤ ግንበኛው፣ ባለንብረቱና ፈቃድ ሰጪው የራሳቸውን እናት በዚያ ደረጃ ላይ አድርገው አለማየታቸው ነው።

እናቴ በዓመት ሁለቴና ሦስቴ ፍልውሃ መታጠብ ትወዳለች፤ እቴጌ ጣይቱ በዚያ ውኃ ምክንያት ከእንጦጦ ወርደው ከተማዋ የተቆረቆረችበት ሥፍራ ነው። ዘንድሮ «እንሂድ» ስላት ያሳሰባት የራሳችን ግቢ አራት ደረጃዎች ነበሩ። ማክሰኞ ዕለት ከሰፈር አንድ የብየዳ ባለሙያ ጠርቼ በደረጃው ዳር፣ በእርሷ ወገብ ልክ የብረት መደገፊያ አስተከልኩ። ባለሙያው ቁመቱን ሲለካ እናቴ እጇን ዘርግታ «እዚህ ጋ» አለችው። ቀለሙ ሳይደርቅ ጎረቤታችን እትዬ በከዘራቸው ወጥተው ብረቱን ጫን ጫን አድርገው ሞከሩትና፣ ልጁ ሒሳቡን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት የእርሳቸውንም በር እንዲለካ ይዘውት ገቡ።