«ባትሪ ነው» የሚለኝ ሰው ዛሬ አይደውልልኝ

እጄ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ነው የምጽፈው። ስልኩም ተለውሷል፣ ይለወስ። ይህን ካልተነፈስኩ ዛሬ እንቅልፍ የለም።

ስለ እሷው፣ ስለ መኪናዬ ነው። ሌላ ወሬማ ከየት አባቴ ይመጣል? ያቺው 1987 ሠራሽ፣ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊልስ የደረሰ፣ የፊት መብራቷ እንደ እንቁራሪት ዓይን ብድግ የሚለው ጉዴ። ዛሬ ሦስት ሳምንቷ። ቁልፍ ሳዞር «ጠቅ» ትላለች። አለቀ። አንዲት ጠቅ። ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ሬዲዮው ይለፈልፋል፣ ክላክሱ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች!

እሷንስ እሺ፣ አርጅታለች። እኔን የገደለኝ ሰው ነው። መኪና ያለው ሁሉ ሐኪም ነው። መኪና የሌለውማ ስፔሻሊስት ነው። «ባትሪ ነው» አሉኝ፣ ቀየርኩ። «ሞተሪኖ ነው» አሉኝ፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን፣ እሱንም ቀየርኩ። የዚህች መኪና ሞተሪኖ የት እንደተቀበረ ታውቃላችሁ? እጅ ገብቶ ክርን የማይገባበት ቦታ። ላይኛው ብሎን በዓይን አይታይም። በጣት እየዳበሱ፣ እየተሳደቡ፣ መሀል ላይ እየጸለዩ ነው የሚፈታው። ግማሽ ቀን ጀርባዬ ላይ ተኝቼ አወጣሁት። ከዚያ መሬት ላይ አስሬ በቀጥታ ከባትሪ ብሰጠው እንደ እብድ ፈተለ። ደህና ነበር! አሁን ሁለት ደህና ሞተሪኖ አለኝ። አንዱ የመጋዘን በር ይደግፋል።

«ሪሌ ነው» ያለኝን ብዙም አልወቅሰውም። ሪሌ ማለት በኤሌክትሪክ የምትከፈትና የምትዘጋ ማብሪያ ናት። በዚህ ዕድሜ መኪና ላይ ሪሌ ውስጥ ያለው ብየዳ ስለሚሰነጠቅ የነዳጅ ፓምፑ ኤሌክትሪክ ያጣል። ግን ያኔ ሞተሩ እየዞረ ነው እምቢ የሚለው። የኔዋ መዞሩንም አልፈለገችም። አልዞር ማለትና ዞሮ አልነሳ ማለት ለየቅል ናቸው። ይህን ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ እኔና አምላክ ነን የምናውቀው። አስረድቼ ስጨርስ «ካንዴላዋን አይተሃል?» ይለኛል። ካንዴላ! ሞተር ሳይዞር ነዳጅ የሚለኩሰው ካንዴላ ምን ያደርጋል? ለጌጥ?

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ።

አስጎትቼ ጋራዥ ወሰድኳት። በገመድ፣ በጠራራ፣ የሚያየኝ ሁሉ እያየኝ። ስፖርት መኪና ስትጎተት የሚያይ ሰው ፊት ላይ አንድ ደስታ አለ። አትካዱ፣ እኔም ደርሶብኛል።

ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። ልጅ ነው። ኮፈኗን አልከፈተም። እጁን ኪሱ ከቶ ዞራት።

«ምን ሆና ነው፣ ጋሼ?»
«አትዞርም። ጠቅ ብቻ ነው የምትለው።»
«ባትሪ ነው።»
«አዲስ ነው። 12.6 ቮልት ነው የሚያነበው።»
«እንግዲያው ሞተሪኖ ነው።»
«እሱም አዲስ ነው።»

ዝም አለ። አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ እሷን አየ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ አዲስ ያልሆናችሁት እርስዎና መኪናዋ ናችሁ።»

ጋራዡ ፈረሰ። ጎማ የሚነፋው ልጅ እንኳ መንፊያውን ጥሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰላችሁ? ሳቅሁ! ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ሰው ሲሰድበኝ አብሬ የምስቀው ለምንድን ነው?

ቆይ፣ አላለቀም። እንደምንም ክብሬን ልሰብስብ ብዬ አንድ ነገር ነገርኩት። «ትናንት ማታ ደጋግሜ ልሞክራት ስል፣ የነዳጅ መርገጫው የሚስበው የብረት ገመድ በጣም ሞቆ ነበር። ነክቼው ጣቴን ለበለበኝ» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ፀሐይ ላይ ቆማ ነዋ!»

ማታ ነው ያልኩህ እኮ! ማታ! ጨረቃ ነው ያሞቀው? ከዚያ «ይሽጧትና ይገላገሉ» ብሎኝ ሄደ። ይሄ ልጅ እኮ ያኔ መብራቱን ሲሠራልኝ ሦስት ብሎን ተርፎት «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ያለኝ ነው። ብሎኖቹ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ከየት እንደወጡ ሳላውቅ በፍጥነት መንገድ ላይ የነዳኋት እኔ ነኝ ጀግናው።

መልሼ አስጎተትኳት። ንዴቱ ሲበርድልኝ (አልበረደም) የወልናውን ንድፍ ይዤ ተቀመጥኩ። ጀርመን ሠራሽ ስለሆነች ቁጥሩ ደስ ይላል። 30 ከባትሪ ቀጥታ የሚመጣው ነው፣ 15 ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣው፣ 50 ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ማስነሻ፣ 31 ማሳ፣ ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት። ቡናማ ሽቦ ካየህ ማሳ ነው። ንጹሕ፣ እንደ ጸሎት መጽሐፍ። ችግሩ ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት ነው። አላርም አስገብቷል፣ ድምፅ ማጉያ አስገብቷል፣ ሁሉንም በሰማያዊ ሽቦ። ማሳውም ሰማያዊ፣ ቀጥታውም ሰማያዊ። በፕላስተር ጠቅልሎ እንደ አስከሬን ገንዞታል። ነፍሱን አይማር እንዳልል በሕይወት አለ። ሰላም እንባባላለን።

ቴስተር፣ ኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ይዤ ገባሁ። ቁልፍ ሲዞር 50 ላይ ኤሌክትሪክ ይደርሳል። ስለዚህ ቁልፉም እስከዚያ ያለው ሽቦም ንጹሕ ናቸው። 30 ላይ 12.6። ማሳው ላይ ሳስነካው ቴስተሩ «ጢጥ» ይላል፣ ተገናኝቷል ማለት ነው። ሁሉም ደህና! በወረቀት የማትታመም መኪና።

ሦስት ሳምንት ያታለለኝ ያ «ጢጥ» ነው። ቴስተር የሚልከው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። አንዲት ክር መዳብ ከቀረችም ትበቃዋለች። ሞተሪኖ ግን 150 አምፔርና ከዚያ በላይ ነው የሚጠጣው። መስመሩ ላይ ኤሌክትሪኩን የሚያግድ 0.03 ኦም ብቻ ቢጨመር፣ 150 አምፔር ሲያልፍበት 4.5 ቮልት እዚያው ይቀልጣል። 0.03ን ተራ ቴስተር በደንብ አያየውም። ማየት የሚቻለው ሥራ ላይ እያለ ነው።

ልጄን ቁልፉ ላይ አስቀመጥኳት። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ፣ ፍቄ ያነጣሁት ብረት ላይ አደረግኩ። ሁለቱም ማሳ ናቸው፣ ልዩነት ሊኖር አይገባም። ቢበዛ ከአንድ ቮልት ጥቂት አሥረኛ። «አዙሪ!» አልኳት። ጠቅ።

4.8።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ማሳው ነው! ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው የመዳብ ገመድ። ኤሌክትሪኩ በሱ ማለፍ ሲያቅተው ሌላ መንገድ ፈለገ፣ በነዳጅ መርገጫው ገመድ በኩል ዞረ። ለዚህ ነው የሞቀው! የሞተሪኖ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ያ ቀጭን ሽቦ እንዴት አይሞቅ! መልሱን ጣቴ ላይ ተቃጥሎ ይዤለት ሄጄ ነበር እኮ። «ፀሐይ ላይ ቆማ ነዋ።» እስቲ ምን ይባላል።

ክሪክ አስገብቼ፣ አስደግፌ፣ ሥር ገባሁ። ከላይ ሲያዩት ሙሉ ገመድ ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ባደርገው አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ውስጡ አልቋል። ለማረጋገጥ ባትሪ ማበደሪያውን ወፍራም ኬብል ከኔጌቲቩ ወደ ሞተሩ ብረት አሰርኩ። ልጄ ቁልፉን አዙራ ሳትጨርስ ሞተሩ ጓ ብሎ ተነሳ። ሦስት ሳምንት። ባትሪ፣ ሞተሪኖ፣ ሁለት ጊዜ መጎተት። መኪናዋ ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ ርካሹ ነው ያመሰኝ።

ደስ ብሎኝ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። «ማሳው ነው የተበላሸው!» ብለው «ምን ዘርተህበት ነበር?» አለኝ። ከዚህ ጋር ነው የምኖረው።

ከሱ በኋላ ለኤሌክትሪሺያኑ ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ አትጠይቁኝ። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ይሆናል። ሰምቶ ሲጨርስ ምን አለኝ መሰላችሁ?

«እኔ ያኔውኑ ማሳ ነው ብዬዎት ነበር እኮ፣ ጋሼ!»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስልኩን ዘጋሁ። ወጥቼ አዲሱን ሹሩባ አሰርኩ፣ ሁለቱንም ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ። አስነሳኋት፣ አንድ ዙር ነዳኋት፣ መጥቼ አቆምኳት። መብራት ሳጠፋ ቀኙ ዓይኗ ተከደነ። ግራው ግን እንደተገተረ ነው። አጥፍቼ አበራሁ። እንደተገተረ ነው። መታ አደረግኩት። ያፈጥብኛል።

ባትሪውን ነቅዬ ገባሁ። አንድ ሰው ደውሎ «ሪሌ ነው» ቢለኝ ውርድ ከራሴ።