ለክቡር ሦስት ፕሮፎርማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፡– ከመዝገብ ቤት ሲወጣ ይሞላል
ቀን፡– ሰኔ 23፣ በጀት ሊዘጋ 7 ቀን ሲቀረው
ጉዳዩ፡– ባለፈው ጥቅምት ስለተጠየቀው የብየዳ ኤሌክትሮድ

ለክቡር ሦስት ፕሮፎርማ
ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በየመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ያለን የብየዳ ወርክሾፕ ሰዎች ከኤሌክትሮድ (እየነደደ ብረትን ከብረት የሚያጣብቀው ዘንግ) እጦት በቀር እጅግ ደኅና ነን። ሠልጣኞቹም ደኅና ናቸው። ማስክ አጥልቀው፣ ጓንት ለብሰው፣ ባዶ ሆልደር (የኤሌክትሮድ መያዣ) በላሜራ ላይ ቀስ አድርገው ይጎትታሉ። ያለ እሳት መበየድ በየትኛውም የሙያ ደረጃ ሰነድ ውስጥ ያልተካተተ ብቃት ነውና ምስጋናው ለእርስዎ ይሁን።

ክቡርነትዎ በመሠረቱ ክፉ አይደሉም። የሕዝብ ገንዘብ በትውውቅ እንዳይበላ ከሦስት አቅራቢ የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ይጠየቅና ርካሹ ይመረጥ ያለ ሰው ጤነኛ ሐሳብ ነው ያሰበው። ሕጉም ቢሆን እርስዎን ብቻ አልወለደም፤ ግልጽ ጨረታ አለ፣ ውስን ጨረታ አለ፣ ከአንድ አቅራቢ የሚፈጸም ግዥ አለ፣ ዋጋው አንዴ ተስማምቶ ዕቃው በየጊዜው የሚወሰድበት የማዕቀፍ ስምምነት አለ። እርስዎ የታሰቡት ዋጋቸው አነስ ላሉ ግዥዎች ነበር። የፌዴራሉ የግዥ ዐዋጅ 649/2001 በ1333/2016 ተተካ፣ ክልሎችም የየራሳቸው ዐዋጅ አላቸው፤ ዐዋጅ ሲሄድ ዐዋጅ ሲመጣ እርስዎ ግን ከግዥ ቡድኑ ጠረጴዛ ላይ ንቅንቅ አላሉም።

የተጠየቀው ነገር ይህን ያህል ነው። በአንድ ክፍል 25 ሠልጣኝ አለ። የሚፈለገው 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 350 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ኢ6013 የሚባለው ዓይነት ኤሌክትሮድ ነው። አንዱ ዘንግ 30 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 5 ኪሎ ፓኬት ውስጥ 165 አካባቢ ይገኛል። ለአንድ ሠልጣኝ በቀን 10 ዘንግ ቢታደል ለክፍሉ 250፣ ማለትም አንድ ፓኬት ተኩል ይሆናል። ይህ ብዙ መስሎ ከታየዎ፣ አንድ ዘንግ በ110 አምፔር ሲነድ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይዘልቅም። ልጁ ቀኑን ሙሉ ወርክሾፕ ውሎ እውነተኛ እሳት የሚያየው ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ለ20 የተግባር ቀን 30 ፓኬት፤ አለቀ።

አላለቀም። አሠልጣኙ የፍላጎት መጠየቂያ ይሞላል፣ የዘርፍ ተጠሪው ይፈርማል፣ ስቶር ኪፐሩ «በስቶር የለም» ብሎ ያረጋግጣል (ቢኖርማ ማን ይጠይቅ ነበር)፣ ዲኑ «በመመሪያው መሠረት ይገዛ» ብለው ይመሩታል፣ የበጀት ባለሙያው «በጀት አለው» ይላል ወይም አይልም። እዚህ ላይ ነው እርስዎ ሻይዎን ጨርሰው የሚነሡት። የግዥ ሠራተኛው ማኅተም ያረፈበትን መጠየቂያ ይዞ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። የመጀመሪያው ባለሱቅ ይሞላል። ሁለተኛው «ማኅተሙ ባለቤቱ ጋ ነው፣ ነገ ና» ይላል። ሦስተኛው የመንግሥት ክፍያ እንዴት እንደሚያስጠብቅ ከዚህ ቀደም ቀምሶታልና በጨዋ ደንብ ወንበር ስቦ ያስቀምጠውና ወረቀቱን ሳይነካ ይሸኘዋል።

ታዲያ ሦስተኛው ወረቀት ከየት ይመጣል? ከመጀመሪያው ባለሱቅ መሳቢያ ነዋ። ወንድሙ ሌላ ንግድ ፈቃድ አለው፣ አማቹም ሌላ። ሦስቱ ፕሮፎርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ፣ ሌላው ቀርቶ በአንድ ዓይነት ግድፈት፣ ሦስቱም ላይ «ኤሌክትሮት» ተብሎ፣ በሦስት የታሸገ ፖስታ ይደርሳሉ። ኮሚቴው ፖስታውን በሥርዓት ይቀድዳል፣ ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ያሰምራል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ አሸናፊ ያሳውቃል። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። እርስዎ ቤት ግን የሚቆጠረው ጉልቻው ሦስት መሆኑ ነው፤ ላዩ ላይ ድስት ይጣድ አይጣድ ጠያቂ የለውም።

ሦስት ሐቀኛ ሱቆች በተገኙ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ ቫት ጨምሮ ይሞላል፣ ሌላው ሳይጨምር፣ ሦስተኛው ስለ ቫት ትንፍሽ አይልም። ቫት ያልተጨመረበት 1,000 ብር በ15 በመቶው 1,150 ብር ነው። ኮሚቴው ይህን ሳያስተካክል ካወዳደረ፣ ከነቫቱ 1,100 ብር የሰጠው ርካሽ ሱቅ ወድቆ ውዱ ያሸንፋል፤ በሁለት ፊርማና በአንድ ማኅተም። 8 ቁጥር ላይ ብዕር ሁለቴ ካለፈ ደግሞ «ስርዝ ድልዝ አለበት» ተብሎ ነገሩ ከሀ ይጀመራል። እስኪጀመር ዋጋው የሚጸናበት ቀን ያልፋል፣ ባለሱቁም በድሮው ዋጋ አልሸጥም ይላል። አይፈረድበትም፤ ዕቃው ከውጭ የሚገባ ነው፣ ምንዛሪው ዝም ብሎ አይቀመጥለትም።

ስለ ርካሽነት ካነሣን፣ ክቡርነትዎ ዋጋ እንጂ ዕቃ አይቆጥሩም። መጠየቂያው ላይ «ኤሌክትሮድ፣ ጥራቱን የጠበቀ» ተብሎ ከተጻፈ የሚያሸንፈው ሱቁ ውስጥ ገዢ ያጣው 4.0 ሚሊ ሜትር ነው። እሱን ለማንደድ 140 አምፔር ገደማ ያስፈልጋል፤ ሠልጣኝ የሚለማመድበትን 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ እንደ ወንፊት ይበሳዋል እንጂ አይበይደውም። ዕቃው ሲመጣ ተረካቢው ኮሚቴ «ኤሌክትሮድ ነው? ነው» ብሎ ይፈርማል፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ከዚያ ወዲያ የመንግሥት ንብረት ሆኗልና የሚመልሰው አይገኝም። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ ዓይነቱ፣ ዲያሜትሩ፣ ርዝመቱ፣ የፓኬቱ ክብደት ይጻፍ። የፋብሪካ ስም ግን አይጻፍ፤ ማምለጫ ከጠፋ «ወይም ተመጣጣኝ» ይታከልበት፤ አለዚያ ኦዲተሩ «ለአንድ አቅራቢ የተሰፋ ልብስ ነው» ይላል፣ እውነቱንም ነው።

ታናሽ ወንድምዎን የሒሳብ መደብንም ሳናነሣ ማለፍ ነውር ይሆንብናል። ኤሌክትሮድ ከ6215 ከትምህርት ዕቃዎች ነው የሚከፈለው ወይስ ከ6218 ከሌሎች ዕቃዎች? የተቃጠለው የማሽኑ ኬብል 6243 ጥገና ነው ወይስ አላቂ ዕቃ? ብረት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳስ? አሠልጣኙ «ሞርሳ ሞርሳ ነው» ይላል፤ ሒሳብ ክፍሉ ግን ከ6313 ከማሽነሪና መሣሪያ መግዣው ጋር ሊያዛምደው ይፈልጋል፣ 6313 ላይ ደግሞ ሳንቲም የለም። በአንዱ መደብ ገንዘብ ተርፎ በሌላው ሲያልቅ የበጀት ዝውውር ይጠየቃል፤ ያም ደብዳቤ ነው፣ ያም ተራ ይጠብቃል። ከካፒታል ወደ መደበኛ በጀት መሻገር ደግሞ በሕግ የተዘጋ በር ነው፤ አዲስ ማሽን ሊገዛ የሚችል ኮሌጅ ለማሽኑ የሚነድ ዘንግ መግዣ ሊያጣ ይችላል። ማሽኑ ግን ያምራል። ፕላስቲኩ አልተነሣለትም።

በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል። ዕቅዱ ጸድቆ፣ የበጀት ማሳወቂያው ደርሶ፣ የግዥ ፍላጎት ተሰብስቦ፣ በፑል (ለብዙ መሥሪያ ቤቶች በጋራ) የሚሠራው ፋይናንስ የሌሎቹን ጽሕፈት ቤቶች ሰልፍ አስተናግዶ እስኪያበቃ ጥቅምት ይሆናል፤ ሠልጣኙም በዚያው ሰሞን ክፍል ገብቶ ይቀመጣል። ከ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ወዲህ ሥልጠና የሚለካው በተማሩት ሰዓት ሳይሆን በጨበጡት ብቃት ነው ተብሏል። አብዛኛው የተግባር ልምምድ በትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ ይሁን ተብሏል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ኮሌጅ ውስጥ አንድም ስፌት ሳይበይድ የሄደን ልጅ የትኛው ጋራዥ ነው ሆልደር የሚያስጨብጠው? ወለል ያስጠርገዋል፣ ብረት ያሸክመዋል፣ የመገኘቱን ማረጋገጫ ወረቀት ይፈርምለታል። ምዘና ማእከል ሲደርስ መዛኙ የልጁን ፕሮፎርማ አይጠይቅም። ሁለት ቁራጭ ብረት ሰጥቶ «በይድ» ይላል።

አሁን ሰኔ ነው፤ ለግዥ ሠራተኛ በየዓመቱ ሰኔና ሰኞ ይገጥምበታል። ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ይሆናል፣ ተመላሽ ያደረገ ኮሌጅ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄው ይቆረጥበታል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ስምንት ወር የተኛው ወረቀት በስምንት ቀን ይሮጣል። በጥቅምት የተጠየቀው 30 ፓኬት በሰኔ 28 ይደርሳል፤ ጅብ ከሄደ እንዲሉ። ሠልጣኙ የለም። ኤሌክትሮዱ በስቶር ሲሚንቶ ወለል ላይ ተደርድሮ ክረምቱን ያሳልፋል፣ ሽፋኑም ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ይጠጣል። በጥቅምት ሲነድ ይተፋል፣ ይንጣጣል፣ ስፌቱ ውስጥ የአየር ቀዳዳ ይተዋል። ኢ6013 ብዙ አያስቸግርም፤ 100 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ቢደርቅ ወደ ቀልቡ ይመለሳል። ማድረቂያ ምድጃው ግን የለም። ምድጃ ለመግዛት ምን እንደሚያስፈልግ ለእርስዎ አንነግርዎትም።

እንግዲህ ልመናችን ጥቂት ነው። በየዓመቱ የሚነደው አንድ ዓይነት ዘንግ ነውና ኤሌክትሮድ፣ የግራይንደር ዲስክና ላሜራ በዓመቱ መጀመሪያ በማዕቀፍ ስምምነት ይያዙና በየወሩ እየተከፋፈሉ ይምጡ፤ ስቶሩም አይጨናነቅ፣ እርጥበቱም አይግባ። የግዥ ዕቅዱ የሥልጠና ካላንደሩን አንድ ጊዜ እንኳ ይየው፤ ሁለቱ በአንድ ግቢ ኖረው አይተዋወቁም። ሲወዳደሩም ሁሉም ከነቫቱ ይሁን። እርስዎም ቢሆኑ ከሥራዎ ይሰናበቱ አላልንም፤ የቢሮ መጋረጃ ሲገዛ ይምጡ፣ ወንበር እንስባለን።

ከሰላምታ ጋር

(ማኅተም፡– ያዡ ለስብሰባ ወጥቷል)

ግልባጭ፡–
ለግዥ ቡድን፡ ለማወቅ
ለበጀት ባለሙያ፡ ደብዳቤው ከየትኛው የሒሳብ መደብ እንደሚታተም ለመጠየቅ
ለስቶር፡ ዕቃው ከደረሰ ከወለል ከፍ ባለ ጣውላ ላይ እንዲቀመጥ፤ ጣውላው ገና ይገዛል

አባሪ፡– 3 ፕሮፎርማ (2ቱ ያልደረሱ)