ብራንን የገፋው እጅ

የክርክሩ ሐሳብ፦ «ክፉና ደጉ የተደበላለቀበት ልብ ወለድ አንባቢን ያበላሻል»። መነሻው የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ባለ ብዙ ቅጽ ምናባዊ ታሪክ ነው፤ አብዛኞቻችን በፊልሙ ስም «ጌም ኦፍ ትሮንስ» እንለዋለን። ሐሳቡን የሚደግፉት ጡረታ የወጡ የፒያሳ መምህር ናቸው። የምትቃወመው ካዛንቺስ የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ለማያውቅ ሰው ይህን ያህል ይበቃል፦ በመጀመሪያው መጽሐፍ ጄሚ ላኒስተር የተባለ ባላባት ከመንትያ እህቱ ጋር ሲማግጥ ያየውን ብራን የሚባል ልጅ ከግንብ መስኮት ገፍቶ ይጥለዋል። ልጁ ይተርፋል፤ እግሮቹ ግን አይራመዱም።

የፒያሳው፦
ነገሩን ያመጡት ቤቴ ያሉት ልጆች ናቸው። ምሳ ላይ ጄሚ፣ እራት ላይ ጄሚ። «ውይ፣ ሲያሳዝን!» ይላሉ። ማነው ብዬ ብጠይቅ ሕፃን ልጅ ከመስኮት የወረወረው ሰውዬ ነው። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

እኔ ያደግኩት ሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ ነው። ወንበዴው ሲመታ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጥ ነበር። አክተሩ አይሞትም፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። እዚህ ግን አክተር የመሰለን ኔድ ስታርክ ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ አንገቱ ይቀላል። እሺ፣ ደግ ሰው መሞቱ አዲስ ነገር አይደለም። የሚያናድደኝ የገዳዮቹን ብሶት ስማልን መባሉ ነው። በእኛ ሥነ ጽሑፍ ክፉ ክፉ ነው፣ ደግ ደግ ነው። አንባቢ ማንን እንደሚጠላ ሳይነገረው ያውቃል። ሁለቱን መጽሐፍ በትዕግሥት ጨረስኩ። ሦስተኛው ላይ ያ ሰውዬ ራሱ «እኔ እንዲህ ነበርኩ፣ እኔ እንዲያ ሆንኩ» እያለ ማውራት ሲጀምር ዘጋሁት።

የካዛንቺሷ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልጀምር። ሦስተኛው መጽሐፍ ከመቅድሙ ቀጥሎ በጄሚ ምዕራፍ ይከፈታል፤ እዚህ ድረስ ልክ ነዎት። ግን ጄሚ «እኔ» አይልም። እስካሁን የወጡት አምስቱም መጽሐፎች የሚተርኩት «እሱ»፣ «እሷ» እያሉ ነው። ታዲያ የዘጉት የትኛውን መጽሐፍ ነው? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብን።

እኔ ሦስተኛውን የገዛሁት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚያዞሩት ልጆች ነው። ጀርባው በስኮች ተጣብቋል። መሃሉ ላይ ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው የአውቶቡስ ትኬት ትቶበታል። ትኬቱ ያለው ጄሚ ገላውን የሚታጠብበት ቦታ ላይ ነው፤ ማንም ይሁን ማን፣ እዚያ ጋ ቆም ብሏል ማለት ነው። የጄሚ ቀኝ እጅ ተቆርጧል፤ ሰውነቱ ዝሏል። ብሪየን ለምትባል ሴት ንጉሡን ለምን እንደገደለው ይነግራታል። ንጉሥ ኤሪስ ከተማዋን ከነሕዝቧ ሊያነድ በየሥርቻው የሚቀጣጠል ነገር አስቀብሮ ነበር። ጄሚ የንጉሡ ጠባቂ ሆኖ ሳለ መሐላውን አፍርሶ ገደለው። ከተማዋ ተረፈች፤ እሱ ግን «ንጉሥ ገዳይ» እየተባለ ሲሰደብ ኖረ። አለቀስኩ። ያውም ቢሮ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከተከፈተ የምሳ ዕቃ ፊት።

«በእኛ ሥነ ጽሑፍ ክፉ ክፉ ነው» ያሉት ደግሞ ይገርማል። ፊታውራሪ መሸሻን የት ጣሏቸው? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳያስተምሩ ጡረታ እንዳልወጡ እርግጠኛ ነኝ። ለዘሬ የሚመጥን ባል የለም ብለው ሰብለ ወንጌልን ያለ ባል ያስቀሩ፣ ገበሬውን የሚያስጨንቁ ሰው ናቸው። በገበሬዎቹ እጅ ሲዋረዱ ግን ማን ነው አንጀቱ ያልተላወሰ?

የፒያሳው፦
አለቀስሽ። ጎሽ። ለልጁስ? ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር?

«እኔ» ነው «እሱ» ነው የምትይው የሰዋስው ጉዳይ ነው። መደብ ለይቼ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በሰውዬው ጭንቅላት ውስጥ አስቀምጦ በሱ ዓይን ካሳየኝ፣ «እኔ» ቢል «እሱ» ቢል ምን ለውጥ አለው? ደግሞም ጡረታ ወጣሁ እንጂ ዓይኔ አልጠፋም። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ለያዘ ሰው ዶሮ አይተረትበትም።

ወደ ቁም ነገሩ። ፈረንጆቹ ሴት ልጆቻቸውን በዴነሪስ ማዕረግ ኻሊሲ ብለው ሰየሙ፤ የዘንዶዎቹን እናት፣ ዴነሪስን ወደው። በ2019 ያቺው ዴነሪስ እጅ የሰጠ ከተማ በዘንዶ እሳት አነደደች። ያኔ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሠራልን ብሎ ፈረመ። ለምን? ሰዎችን በቁም ስታሰቅልና ስታቃጥል እያዩ ሲያጨበጭቡላት ስለከረሙ ነዋ! መበላሸት ሌላ ምን አለ?

የካዛንቺሷ፦
ያ እኮ ፊልሙ ነው! መጽሐፉ ውስጥ ዴነሪስ ገና ባሕሩን አልተሻገረችም፤ ያቺን ከተማ በዓይኗም አላየቻትም። ስለ መጽሐፍ ነው ወይስ ቤት ውስጥ ልጆቹ ሲያዩት በጎን ስለሰሙት ፊልም ነው የምንከራከረው?

ፊልሙንም ቢሆን አይቼዋለሁ። ፍላሽ ይዤ እየሄድኩ አስጭኜ፣ መብራት እየሄደብኝ፣ 73ቱንም ክፍል። ሰዉ የተናደደው ክፉ ሆነች ብሎ አይደለም። እስከ ስድስተኛው በየሲዝኑ 10 ክፍል ነበር፤ ሰባተኛው 7፣ የመጨረሻው 6 ብቻ ነው። እኔና ጓደኞቼን ያበገነን ጥድፊያው ነው። ቀስ ብለው ቢያመጡት እኮ እናምናት ነበር። ክፋቷን ለማመን ፈቃደኛ የነበረ ሰው እንዴት ነው ተበላሸ የሚባለው? ጋሼ፣ በእውነት ሦስተኛውን ከፍተውታል?

የፒያሳው፦
ከፍቼዋለሁ። ስንት ገጽ እንደሄድኩ ለማንም ሪፖርት አላቀርብም።

ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር ብዬ ነበር። አልመለስሽም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ዶሮ የጀመርሽው አንቺ ነሽ።

ይልቅ ይህን ንገሪኝ። አምስተኛው መጽሐፍ የወጣው በፈረንጆቹ 2011 ነው። ስድስተኛውስ? ላም አለኝ በሰማይ! ሰውዬው ማቡካቱን ያውቅበታል፤ ሊጡ ግን ይኸው እስካሁን ምጣድ አላየም። ደግን ደግ፣ ክፉን ክፉ ብሎ የጀመረ ደራሲ መጨረሻው ይታወቀዋል። ይህኛው ግን ሁሉንም አራርቶ አራርቶ ማንን እንደሚቀጣ ጠፋው። አንቺም የምታለቅሺው ላልተጨረሰ ሰው ነው። እንባሽን ከምታባክኚ ትንሽ ብትጠብቂ ምናለ?

የካዛንቺሷ፦
እንባዬን ለቀቅ ያድርጉኝ። ደጋግመው እየነኩት ነው። እንደዚህ ከሆነ ሌላ ጊዜ አንብቤ ምን እንደተሰማኝ አልናገርም፤ ገጽ ብቻ ቆጥሬ አመጣለሁ።

አለመጨረሱ እኔንም ያቃጥለኛል፤ አልዋሽም። ስድስተኛው ወጣ የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር ስልኬን ከፍቼ አፈር በልቼ እዘጋለሁ። ግን ያልተጨረሰ ይሻለኛል። ጄሚ ገና ፍርዱን አልጨረሰም። ከእህቱ የመጣለትን «ድረስልኝ» የሚል ደብዳቤ እሳት ውስጥ ያስከተተው እኮ አራተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ነው! ያ ሰው እና መስኮቱ ላይ የነበረው ሰው አንድ ናቸው? እኔ አላውቅም። ደስ የሚለኝም እሱ ነው።

የፒያሳው፦
ጥሩ ጠበቃ ይወጣሽ ነበር። ደንበኛሽ ከ2011 ጀምሮ ቀጠሮ ላይ ነው፤ ዳኛው አልመጣም፣ አንቺ ደግሞ ቀጠሮው ይራዘም ትያለሽ። ደብዳቤ አስቃጠለ አልሽ። በየትኛው እጁ ሰጥቶ? ልጁን የገፋበት ተቆርጧል አይደል?

ለሦስተኛ ጊዜ አልጠይቅሽም። የቤቴን ልጆች ጠይቄያቸው ነበር፤ አንዳቸውም አያስታውሱም። የእህቱን ስም ያውቃሉ፣ የሰይፉን ስም ያውቃሉ፣ ይህን ግን አያውቁም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

የካዛንቺሷ፦
ሰባት።

ሰባት ዓመቱ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የወንድሜ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው።

አሁን ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ይመልሱልኝ።