ኒኬሉን ለቁራሌው ሰጠነው

ቅዳሜ ዕለት እዚህ ቨርጂኒያ፣ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። የገበያው መኪና ማቆሚያ ላይ የድሮ መኪኖች ተሰልፈዋል። አንዷ ነጭ ካዲላክ ናት፤ በፈረንጆቹ የ1959 ሞዴል። ከኋላ ሁለት ክንፍ አላት። በየክንፉ ላይ ጥንድ ቀይ መብራት፣ ልክ እንደ ጧፍ ነበልባል ሾጠጥ ያለ። ሽማግሌው ባለቤቷ በጨርቅ ይወለውላታል። ከጎኗ ያለችውን አንዲት የኒኬል ዘንግ አሳየኝ። ትክክለኛዋን ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈልጓል። ይህን ሲነግረኝ ሆዴ ባባ።

የክንፉ ነገር እንዲህ ነው። ካዲላክን በሚሠራው በጀነራል ሞተርስ የቅርጽ ኃላፊ የነበረው ሃርሊ ኧርል፣ ፒ-38 የሚባለውን የጦር አውሮፕላን አይቶ ጭራው ማረከው። በ1948 ካዲላክ ላይ ከኋላ ትንሽ ጉብ ያለች ነገር ብቅ አለች። ከዚያ ፉክክር ሆነ። ክራይስለርም በ1957 ኢምፔሪያል ላይ ክንፉን ሰቀለው። የ1959 ካዲላክ ሁሉንም በለጠች። ከዚያ በኋላ ግን ክንፉ በየዓመቱ ዝቅ እያለ ሄደ፤ በ1965 ቀረ።

ለእኔ ግን የቀኗ ንግሥት አጠገቧ የቆመችው ጥቁር ሊንከን ኮንቲኔንታል ነበረች፤ የ1961። ከእሷ በፊት የነበሩት ሊንከኖች እንደ አውቶቡስ የረዘሙ ነበሩ። ቅርጿን ያወጣው ኤልውድ ኤንግል ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ አሳጠራት። ጌጡንም ገፈፈላት። የፊትና የኋላ በሮቿ እንደ ቁም ሳጥን ግራና ቀኝ ይከፈታሉ። ጎኗ ልሙጥ ነው። ከላይ ጠርዟ ላይ ብቻ ከፊት እስከ ኋላ ቀጭን ኒኬል ይሄዳል፤ ነጠላ ላይ እንዳለች ጥለት። ካዲላኳ ከላይ እስከ ታች ጥለት ናት። ሁለቱንም እወዳለሁ፤ አንዷን ውሰድ ብባል ግን ሊንከኗን ነው።

የ70ዎቹ አይማርኩኝም። ጣሪያቸው ላይ ፕላስቲክ ቆዳ ለበሱ፤ ከኋላ ሞላላ መስኮት ተቀደደላቸው። ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ አጠሩ። ካዲላክ ደግሞ የ1982 ሞዴል ብላ ሲማሮን የምትባል አወጣች። በርካሿ ሼቭሮሌ ካቫሊየር ላይ የተሠራች ናት። ስሙ ካዲላክ፣ አካሉ የሌላ! እስካሁን ያናድደኛል።

እኔ ራሴ ሊንከን ታውን ካር ነድቻለሁ፤ ጥቁር፣ ከደለስ ኤርፖርት መንገደኛ እያመላለስኩ። የዋሽንግተን ሐበሻ ስንቱ በእሷ ልጅ አሳድጓል! በ2011 መሠራቷ ቆመ። አሁን የምነዳት ከጎኗ ከቆመችው በምልክቷ ብቻ ነው የምትለየው።

ሆዴ የባባው ግን በዚህ አይደለም። አባቴ በንጉሡ ጊዜ የገዛት ቮልስ ነበረችው። እሁድ እሁድ ፓራውልቷን በአመድ ሲወለውል ፊቴን እያየሁባት ነው ያደግኩት። ዓምና አዲስ አበባ ስገባ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እሷ ነው። ጥቁር ተቀብታለች። ኒኬሏ በሙሉ የለም። የቸርኬዎቿ ክዳኖች በፕላስቲክ ተተክተዋል። ታናሽ ወንድሜ ደስ እንዲለኝ ነበር ያሳደሳት። ጋራዡ “ይሄ ጊዜው ያለፈበት ነው” ብሎት፣ ወንድሜም ለቁራሌው ሰጠው። ክፉ አስቦ አይደለም። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እዚህ ሰው ለአንዲት ዘንግ ሦስት ዓመት ይንከራተታል። እኛ የአባታችንን እጅ የነካውን በኪሎ እንሸጣለን። ለምን? ማን ነው አሮጌ ሁሉ ያሳፍራል ያለን?

ቅዳሜ ማታውኑ ደወልኩለት። “በናትህ ሶማሌ ተራ ሂድና ፈልግልኝ” አልኩት። ትናንት ፎቶ ላከ። አንድ የቸርኬ ክዳን፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ። የእሷ ይሁን የሌላ አላውቅም። ግዛው አልኩት። ሦስት ይቀራል።